ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ላይ በረዶ እንዴት ይቀልጣል?

ስለ አንታርክቲካ አንድ ነገር በለጠፍኩ ቁጥር ይቺ ጥያቄ አትቀርም፦ «ቲቸር፣ እዚያ እኮ ብርዱ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ነው። በዚህ ብርድ በረዶ እንዴት ይቀልጣል? ወሬ ነው!»

እኔ ጥያቄዋን እወዳታለሁ። የሚጠይቅ ሰው እያሰበ ነው። በእኔ እምነት ችግሩ ያለው ጠያቂው ላይ ሳይሆን ቃሉ ላይ ነው። ዜናው ሁሉ «እየቀለጠ ነው» ይላል፤ ሰው ደግሞ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ በረዶ ይታየዋል። ከዚያ ቴርሞሜትሩን ያይና «ውሸት» ብሎ ያልፋል።

እስቲ መጀመሪያ ለጠያቂው ላግዝ። የአንታርክቲካ መሃል እውነትም ከላይ አይቀልጥም። የደቡብ ዋልታ ከባሕር ወለል በላይ 2,835 ሜትር ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ይበልጣል። ግን ከእግር ሥር ያለው አፈር አይደለም፣ 2,700 ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው በረዶ ነው። ቮስቶክ በሚባለው የምርምር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1983 ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ ተመዝግቧል። መሃል አገሩ በረሃ ነው፤ በዓመት የሚጥልበት በረዶ ወደ ውሃ ተቀይሮ ቢለካ 50 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ታዲያ የሚያሰጋው ምንድነው? ዳሩ ነው።

በረዶ ጠጣር ቢመስልም ሲከመር የራሱ ክብደት ይገፋዋል፤ እንደ ማር በዝግታ ከመሃል ወደ ዳር ይፈስሳል። ባሕር ሲደርስ ከመሬቱ ሳይላቀቅ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ይህ ተንሳፋፊ ጠርዝ በር ላይ እንደተደገፈ ድንጋይ ነው፤ ከኋላ የሚገፋውን በረዶ ይይዘዋል።

በምዕራብ አንታርክቲካ ይህን ድንጋይ በዋናነት የሚበላው አየሩ ሳይሆን ከሥር የሚገባው የባሕር ውሃ ነው። ከጥልቁ የሚመጣው ውሃ ከዜሮ በላይ አንድ ዲግሪ ገደማ ነው። አንድ ዲግሪ ለእኛ ብርድ ነው፤ ለበረዶ ግን እሳት ነው። ወደ ደቡብ አሜሪካ በተዘረጋውና ሞቅ በሚለው ባሕረ ገብ መሬት ደግሞ በበጋ ከላይም ይቀልጣል። ላርሰን ቢ የተባለው ጠርዝ እዚያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 መጀመሪያ ላይ 3,250 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህሉ፣ አዲስ አበባን ስድስት ጊዜ ማለት ነው፣ በሳምንታት ውስጥ ተበታተነ። ከኋላው የነበሩት የበረዶ ግግሮችም ፍጥነታቸው በብዙ እጥፍ ጨመረ። ድንጋዩ ተነሳ፣ በሩ ተከፈተ፤ በቃ።

አሁን ዋናው ነጥብ። ውሃ በያዘ ብርጭቆ ላይ የሚንሳፈፍ በረዶ ቢቀልጥ የውሃው ከፍታ አይለወጥም። ከውጭ አንድ ቁራጭ ብትጨምሩበት ግን ገና ሳይቀልጥ፣ ያኔውኑ ውሃው ከፍ ይላል። የመሬት ላይ በረዶም እንደዚሁ ነው። ባሕሩን ከፍ ለማድረግ መቅለጥ አይጠበቅበትም፤ መግባት ይበቃዋል። ስለዚህ በመሃሉ ያለው 50 ዲግሪ ብርድ መልስ አይሆንም።

«በምሥራቁ በኩል በረዶ እየጨመረ ነው» የሚሉም አሉ። በአንዳንድ ዓመታት ብዙ ይጥላል፣ እውነት ነው። ግን ገቢውን ብቻ ቆጥሮ ወጪውን መተው ሂሳብ አይደለም። ከ2002 ጀምሮ የመሬትን ስበት የሚለኩ ሳተላይቶች አህጉሩን በሙሉ እየመዘኑት ነው፤ በአማካይ በዓመት ከ100 ቢሊዮን ቶን በላይ እየጎደለ ነው።

ትዌይትስ የተባለው የበረዶ ግግር ብቻውን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። የተቀመጠበት መሬት ከባሕር ወለል በታች ሲሆን ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር ይጠልቃል። እሱ ሙሉ በሙሉ ቢሄድ የዓለም ባሕር በ65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። መቼ? ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ገና ይከራከራሉ፤ ዓመቱን ቆርጦ የሚነግራችሁን ሰው አትመኑ።

«እኛ ደጋ ላይ ነን፣ ምን አገባን?» ለምትሉ ደግሞ፦ ስንዴውም ነዳጁም የሚራገፈው ጅቡቲ ነው፤ ወደብ ደግሞ ደጋ ላይ አይሠራም። ርቀቱም አያድንም። ያ ሁሉ በረዶ ከግዝፈቱ የተነሳ የባሕሩን ውሃ ወደ ራሱ ይስባል። በረዶው ሲቀንስ ስበቱ ይላላል፤ ውሃው ከአንታርክቲካ ዳርቻ ይሸሽና በሩቁ፣ ወደ ሰሜን ባለው ባሕር የበለጠ ከፍ ይላል።

ስለዚህ መምህር የሆናችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ አደራ! «የአንታርክቲካ በረዶ እየቀለጠ ነው» ብላችሁ አትለፉ፤ «ወደ ባሕር እየገባ ነው» በሉ። ተማሪው «በዚያ ብርድ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ አትቆጡት። ሁለት ብርጭቆ ውሃና ትንሽ በረዶ ይዛችሁ ክፍል ግቡ፤ እሱ ራሱ ይየው።