ጋዙን ማን ይቆጥረዋል?

ስለ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ትብብር በተወራ ቁጥር የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ስሙ ሳይነሳ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1987 የተፈረመውና ዛሬ 198 አባላት ያሉት ይህ ውል በፍሪጅና በአየር ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚሞሉ፣ የኦዞንን ሽፋን የሚያሳሱ ጋዞችን ከገበያ እያስወጣ ነው። ቢወደስ ይገባዋል። ብዙ ጊዜ የሚወደሰው ግን ፊርማው ነው፤ በእኔ እምነት ውሉን አጽንቶ ያቆየው ከፊርማው በኋላ የመጣው ልኬትና ገንዘብ ነው። ከሁለቱ አፍሪካ እስካሁን ጥቂት የደረሳት ልኬቱ ነው።

ለዚህ ከሲ.ኤፍ.ሲ-11 ታሪክ የተሻለ ምስክር አላውቅም። ይህ ጋዝ በፍሪጅ ግድግዳ ውስጥ ቅዝቃዜውን አፍኖ የሚይዘውን ፎም ለመንፋት ያገለግል ነበር፤ ከ2010 ጀምሮ የትም አገር እንዳይመረት ተከልክሏል። በአየር ውስጥ ያለው መጠን ዓመት በዓመት ሲቀንስ ቆይቶ ከ2012 በኋላ አቀናነሱ ዘገየ። መንግሥታት የላኩት ሪፖርት ምርት የለም ይላል፤ አየሩ ግን አለ ይላል። በአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ተመራማሪ የተመራ ቡድን ጉዳዩን በ2018 ኔቸር መጽሔት ላይ ይፋ አደረገው። በዓመቱ ሌላ ዓለም አቀፍ ቡድን በደቡብ ኮሪያው ጎሳንና በጃፓኑ ሃቴሩማ ጣቢያዎች የተመዘገበውን ይዞ፣ ከጭማሪው ቢያንስ 40 በመቶው ከምሥራቅ ቻይና፣ በተለይም ከሻንዶንግና ከሄቤይ አካባቢ እንደሚወጣ አሳየ። ቻይና ቁጥጥሯን አጠበቀች፤ በ2021 የወጡ ጥናቶች ልቀቱ መልሶ ማሽቆልቆሉን አረጋገጡ። ጥፋቱን ያጋለጠው በየደሴቱ ተተክሎ ዓመታት ሙሉ አየር የሚቀዳ መሣሪያ ነው፤ ውጤቱን በየላቦራቶሪው የሚያመሳክሩ ባለሙያዎች ባይኖሩ ማንም ተደራዳሪ በጠረጴዛ ዙሪያ አይደርስበትም ነበር። እዚህ ላይ ግን ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ፤ ምንጩ የታወቀው ነፋሱ ወደ እነዚያ ጣቢያዎች ስለሚነፍስ ነው። ከጭማሪው የቀረው ከየት እንደመጣ በእርግጠኝነት መናገር አልተቻለም። የአፍሪካና የደቡብ አሜሪካ ሰፊ ክፍል ከዚህ የመለኪያ ጣቢያዎች መረብ ዕይታ ውጭ ነውና።

እዚህ ላይ ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ኦዞኑን የጎዱት የበለጸጉት አገሮች ሆነው ሳለ የድሃውን አገር ሰማይ መለካት ስለላ አይሆንም ወይ? ጥርጣሬው መሠረት የለውም አልልም። ሆኖም ይህ ውል ከብዙዎቹ ይለያል። በ1991 ሥራ የጀመረውን የገንዘብ ድጋፍ ቋት የሚመራው 14 አባላት ያሉት ኮሚቴ ሲሆን 7ቱ ከታዳጊ፣ 7ቱ ከበለጸጉ አገሮች የሚመረጡ ናቸው። ከፋዩ ብቻውን አይወስንም። ደግሞም ልኬት የሚጠቅመው ከሳሹን ብቻ አይደለም። ጋና ያገለገለ ፍሪጅ ወደ አገሯ እንዳይገባ ከ2013 ጀምሮ ከልክላለች። እንዲህ ያለ እገዳ ፍሬ ማፍራቱን በጉምሩክ መዝገብ ብቻ ማወቅ ይከብዳል፤ በኮንትሮባንድ የገባ ዕቃ መዝገብ ላይ አይሰፍርም፣ ያፈሰሰው ጋዝ ግን አየር ውስጥ ይቀራል። የራሱ ቁጥር የሌለው አገር የሌላ ሰው ግምት ይዞ ሊደራደር ይገደዳል።

ከዚህ የሚከብደው ሁለተኛው ትችት ነው። ውሉ አንዱን ጉዳት በሌላ ተካ ይባላል። እውነትም ሲ.ኤፍ.ሲን የተካው አር-134ኤ ኦዞንን ባይነካም ምድርን በማሞቅ ረገድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,400 እጥፍ ገደማ ይበረታል። ስህተቱን ያየው ግን ያው የሳይንስ መረብ ነው፤ ማረሚያውም በ2016 ኪጋሊ ላይ በዚያው ውል ውስጥ ተጨመረ። አማራጩም ከጀርመን ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎት ነበር። በ1993 በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን የነበረ ፋብሪካ፣ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቱ ግሪንፒስ ባቀረበው ሐሳብ፣ በፕሮፔንና በኢሶቡቴን ቅልቅል የሚሠራ የቤት ፍሪጅ ለገበያ አቀረበ። ተቀናቃኞቹ ይፈነዳል ብለው አስፈራሩ። ጋዙ መቀጣጠሉ እውነት ነው፤ በአንድ የቤት ፍሪጅ ውስጥ ያለው ግን በአሥር ግራሞች የሚቆጠር ነው፤ ዛሬ በዓለም ብዙ ሚሊዮን ቤቶች ውስጥ ይሠራል። ፍርሃቱ እውነት የሚሆነው ፍሪጁ ተበላሽቶ ጋዝ የሚሞላው ጠጋኝ ያልሠለጠነ ሲሆን ነው፤ በዚህ ረገድ ተቺዎቹ ከተናገሩት በላይ ትክክል ናቸው።

አብዛኞቹ የአፍሪካ አገሮች በኪጋሊው ማሻሻያ መሠረት የአር-134ኤንና የመሰሎቹን ጋዞች ፍጆታ በ2024 ባለበት ማቆም ነበረባቸው፤ በ2045 ደግሞ በ80 በመቶ መቀነስ ይጠበቅባቸዋል። ከቋቱ የሚመጣው ድጋፍ በብዛት ለመሣሪያ መለወጫና ለጠጋኞች ሥልጠና የሚውል ነው፤ ይህ አይነካ። ግን ቀጥሎ በሚደረገው ድርድር የእኛ ተወካዮች የመለኪያ ጣቢያና መረጃውን እዚሁ የሚተነትኑ ኬሚስቶችን ወጪ በዋናው ጥያቄ ውስጥ ማካተት አለባቸው። ሩዋንዳ ከአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ ዩኒቨርሲቲ ጋር በሙጎጎ ተራራ ላይ ያቋቋመችው የከባቢ አየር ጣቢያ መነሻ ይሆናል። ከዚያ ወደ ሰሜን ያለው ከፍተኛ ቦታ፣ የኢትዮጵያን ደጋ ጨምሮ፣ ለሌላ ጣቢያ የሚመች ነው።