መብራቱ በማን ዘፈን ይጨፍራል?

አምና ሆሞሻ ለሠርግ ሄጄ ሳለሁ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አልወጣም። በሙሽራው ቤት ከከተማ በኪራይ የመጣ ባለቀለም መብራት ተሰቅሎ ነበር። የበርታ ጎበዞች ዋዛቸውን መንፋት ሲጀምሩ መብራቱ በገዛ ራሱ ምት ቦግ እልም ይላል። አንድ ሽማግሌ ጥቂት ተመለከቱትና «ይህስ የሌላ ሰው ሠርግ ላይ ነው ያለው» ብለው አሳቁን።

እኔ ግን ከሳቁ በኋላ አፈርኩ። ድምፅ ሰምቶ የሚበራ መብራት የሚያሠራውን ትምህርት ሦስት ዓመት ሙሉ ከጥቁር ሰሌዳ ስገለብጥ የኖርኩ ነኝና።

የሚያበራ ሽቦ የሚባለው በመካከሉ የመዳብ ክር አለው። ክሩ የዚንክ ሰልፋይድ ቅመም ተቀብቶ፣ ቀጫጭን ሽቦ ተጠምጥሞበት፣ በፕላስቲክ ይሸፈናል። አቅጣጫውን የሚቀያይር ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ቅመሙ ሳይግል ያበራል፤ ይህንንም ጠባይ ፈረንሳዊው ዦርዥ ዴስትሪዮ እ.ኤ.አ. በ1936 ገልጦታል። ሽቦውን በቤታችን እንሠራለን ማለት ሐሰት ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ነው። የሁለት ባትሪ ድንጋይ ኃይል ወደ 100 ቮልት ገደማ የምታሳድገው ትንሽ ሣጥንም አብራው ትሸጣለች። እኛ የምንሠራው ጆሮውን ነው፦ ከአሮጌ ቴፕ የወጣ ማይክሮፎን፣ ሁለት ትራንዚስተር፣ ጥቂት ሬዚስተር። ድምፅ ሲመጣ ትራንዚስተሩ ከድንጋዩ ወደ ሣጥኗ የሚሄደውን መንገድ ይከፍታል፤ ዝም ሲባል ይዘጋል። ሣጥኗ ራሷ እንደ ትንኝ ትጮኻለችና ማይክሮፎኑን ከእርሷ ማራቅ ይገባል፤ አለዚያ የራሷን ድምፅ እየሰማች ሌሊቱን ሙሉ ታበራለች (ደርሶብኛል)። የተቆረጠው የሽቦ ጫፍም ይነዝራልና በማጣበቂያ ይደፈን።

«የልጅ መጫወቻ ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉ። ዋዛ ግን ስሙ እንጂ ነገሩ ዋዛ አይደለም። ከቅል ተቀጣጥሎ የሚሠራው እያንዳንዱ ዋዛ የየራሱን ድምፅ ብቻ ይሰጣል፤ ዜማው የሚሞላው ነፊዎቹ ሲቀባበሉ ነው። ለእያንዳንዱ ዋዛ አፍ አንድ ጆሮና አንድ ሽቦ ብንሰጠው ዜማው ከሰው ወደ ሰው ሲሻገር በዓይን ይታያል። ይህን የኪራዩ መብራት ከየት ያውቀዋል? ማንስ ሠርቶ ይልክልናል?

ስለዚህ ማኅበራችን ለዓመቱ መጨረሻ በዓል የመብራት ኪራይ ከመክፈሉ በፊት የገንዘቡን ግማሽ ለሽቦና ለትራንዚስተር ይስጠን፤ መምህሮቻችንም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤተ ሙከራውን ይክፈቱልን። ሽቦው ቢታጣ እንኳ ከተሰበረ የእጅ ባትሪ የሚወጡት ትንንሽ አምፖሎች ለዚያው ጆሮ ይታዘዛሉ። እኔ እስካሁን ሁለት ጆሮ ሠርቻለሁ። አንዱ ጭብጨባ ይሰማል፤ ሁለተኛው አልሰማም ብሏል፣ ስህተቱን የሚያገኝልኝ ካለ ከእራት በኋላ መኝታ ክፍሌ አለሁ።