የደንበኛ መዝገብ በሻጩ ልክ ይሰፋ

የመርካቶ ነጋዴ ደንበኛውን የሚመዘግበው በደብተር ነው። ስም፣ ስልክ፣ የተወሰደው ዕቃና የቀረው ዱቤ ይሰፍርበታል። ከዚያ በላይ ያለው በነጋዴው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ደላላውም ቢሆን ማን ቤት እንደሚፈልግ፣ ማን መኪናውን ለመሸጥ እንደቸኮለ፣ ማን ቃሉን እንደማይጠብቅ ይዞ የሚዞረው በአእምሮው ነው። ይህ አሠራር ለአንድ ሱቅ በቅቶ ኖሯል። ሱቁ ወደ ኩባንያነት አድጎ ሻጮቹ አሥር ሲሆኑ ግን ጣጣው ይመጣል። አንዱ ሻጭ ሥራ በለቀቀ ዕለት ደንበኞቹም አብረውት ይወጣሉ።

ለዚህ መድኃኒት ተብሎ የሚቀርበው ሲ.አር.ኤም የሚባለው የደንበኞች ግንኙነት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ ሲብል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ተቋቁሞ ይህንኑ ሲሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የተመሠረተው ሴልስፎርስ ደግሞ ሶፍትዌሩን በኢንተርኔት አማካይነት ማከራየት ጀመረ። ዛሬ የህንዱ ዞሆና የቤልጅየሙ ኦዱም በገበያው አሉ።

ገዢው ድርጅት ታዲያ ሙሉ ቀን ሲከራከር የሚውለው በዋጋ ላይ ነው። ሻጩ በየቀኑ የሚያፈጥበት የደንበኛ መዝገብ ስክሪን ምን እንደሚመስል ግን የሚጠይቅ አይገኝም። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ስክሪኑ እንደመጣ ከተተወ የተሠራው ለአሜሪካ ጸሐፊ እንጂ ለአዲስ አበባ ሻጭ አይደለም።

ለምሳሌ ስምን እንውሰድ። ሴልስፎርስ የግለሰብ ደንበኛ ሲመዘገብ "የቤተሰብ ስም" የሚለው ሳጥን ካልተሞላ መዝገቡን አይቀበልም። የኢትዮጵያዊ ስም ግን የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ የቤተሰብ ስም የሚባል የለም። አንዱ ሻጭ በዚያ ሳጥን የአባትን ስም ይሞላል፤ ሌላው የአያትን። አንድ ደንበኛ ሁለት ሰው ሆኖ ይመዘገባል። የስሙ አጻጻፍ በላቲን ፊደል ሲለያይማ ሦስትና አራት ሊሆን ይችላል። ሶፍትዌሩ ደብዳቤ ሲልክ ደግሞ ሰውየውን በአያቱ ስም "አቶ" ብሎ ይጠራዋል። በስሙ ያልተጠራ ደንበኛ እንደማያውቁት ቢቆጥር አይፈረድበትም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የመካከለኛ ስም ሳጥን ከማስተካከያው ሊከፈት ይችላል። የሳጥኖቹን መጠሪያ "የአባት ስም" እና "የአያት ስም" ማለት ይቻላል። የማዕረጉ ዝርዝር ላይ አቶ፣ ወይዘሮ፣ ሐጂና ኢንጂነር ይጨመራሉ። የሚላከው ደብዳቤም በራስ ስም እንዲጠራ ይደረጋል። በኦዱ ደግሞ ስም በአንድ ሳጥን ስለሚገባ ክርክሩ ከመነሻው ይቀላል። አድራሻም እንደዚሁ ነው። የመንገድ ቁጥርና የፖስታ ኮድ የሚጠይቁት ሳጥኖች ተነሥተው በቦታቸው ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥርና "ከምን አጠገብ" የሚሉት ሊገቡ ይገባል። ከድርጅት ጋር ለሚነግድ ደግሞ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የማይቀር ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የግዴታ ሳጥን ነው። ሥራ አስኪያጆች ሪፖርት ይወዳሉ፤ ስለዚህ ሁሉም ሳጥን ካልተሞላ መዝገቡ እንዳይያዝ ያዝዛሉ። ሻጩ ግን ከፊቱ ደንበኛ ቆሟል፤ ስልኩም ይጮኻል። ምን ያደርጋል? ነጥብ ያስቀምጣል፤ አለዚያም በስልክ ቦታ ዜሮ ይደረድራል። በወሩ መጨረሻ ሥራ አስኪያጁ የሚያየው ያማረ ግን የውሸት ሪፖርት ነው። ባዶ ሳጥን ቢያንስ ባዶነቱን ይናገራል፤ በውሸት የተሞላው ግን ያሳስታል። ስለዚህ ግዴታ መሆን ያለበት ሳይታወቅ ሽያጩ ሊቀጥል የማይችለው ብቻ ነው። ሌላው ጊዜው ሲደርስ ይጠየቅ። ሴልስፎርስ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ አንድ ሳጥን ሁኔታው ሲሟላ ብቻ እንዲታይ ማድረግ ያስችላል። የዱቤ ገደብ የሚጠይቀው ሳጥን ደንበኛው በዱቤ ሲገዛ ብቻ ብቅ ቢል የእጅ በእጅ ገዢውን ምን ያስለፋዋል?

ሦስተኛው፣ ስክሪኑ ለሁሉም አንድ መሆን የለበትም። የጅምላ ገዢና የችርቻሮ ገዢ ጥያቄያቸው ይለያያል። ገንዘብ ሰብሳቢው የቀረውን ዕዳ ከላይ ማየት ይፈልጋል፤ ሻጩ ደግሞ የመጨረሻውን ግዢ። ለየሥራው የተለየ ገጽ ማዘጋጀት ሶፍትዌሩ የሚፈቅደው ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ነገር አለ። አንድን ሳጥን ከስክሪን ማንሳት መቆለፍ አይደለም። የደንበኛው የዋጋ ቅናሽ ከሻጩ ገጽ ቢጠፋም ሻጩ በሚያወጣው ሪፖርት ሊታይ ይችላል። ምስጢር የሚጠበቀው ፈቃዱ በራሱ በሳጥኑ ላይ ሲከለከል ነው። በር ላይ መጋረጃ መስቀልና በሩን መቆለፍ ለየቅል ናቸው። ግዴታውም እንደዚሁ ነው። በገጹ ላይ ብቻ ግዴታ የተደረገ ሳጥን ከኤክሴል በጅምላ የሚገባውን መዝገብ አያግድም።

ሕጉም ቢሆን ይህን ጉዳይ የሶፍትዌር ባለሙያው የግል ሥራ አድርጎ አልተወውም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ "ምናልባት ይጠቅም ይሆናል" እየተባለ የሰውን የግል ጉዳይ መሰብሰብ አያዋጣም። የማያስፈልገው ሳጥን ከስክሪኑ መውጣቱ ለሻጩ ዕረፍት፣ ለድርጅቱ ከጣጣ መዳን ነው።

ሻጭ ኩባንያዎች "እንደመጣ ተጠቀሙበት፤ ብዙ መነካካት ወጪ ያስከትላል" ይላሉ። አባባላቸው ከእውነት የራቀ አይደለም። በየስብሰባው አንድ ሳጥን የሚጨምር ድርጅት በዓመቱ መቶ ሳጥን ያለው፣ ማንም የማይከፍተው ገጽ ታቅፎ ይቀራል። ክርክሩ ግን ይነካ ወይስ አይነካ ሳይሆን ማን ይንካው የሚል ነው። ኪራዩ በአንድ ተጠቃሚ ሒሳብ በየወሩ በዶላር የሚከፈል ሲሆን፣ የውጭ ምንዛሪው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በብር ሲታሰብ እጅግ ከብዷል። ይህን ሁሉ ከፍሎ ሻጩ ተመልሶ በደብተር የሚጽፍ ከሆነ ገንዘቡ ውኃ በላው ማለት ነው።

እንግዲህ ውል ከመፈረሙ በፊት ሥራ አስኪያጁ ሁለት ሻጮችንና አንድ ገንዘብ ሰብሳቢ አስቀምጦ ደብተራቸውን ያስገልጣቸው። በደብተሩ ያለው በስክሪኑ ይኑር፤ በደብተሩ የሌለው ለምን እንደተጨመረ ይጠየቅ። ልብስ ሰፊ እንኳ መቀሱን ከማንሳቱ በፊት ይለካል።