ስም መለወጥ አገር መለወጥ አይደለም

የውጭ አገር ድርሰት ወደ መድረካችን በመጣ ቁጥር ሁለት ወገኖች ይነሣሉ። አንደኛው «የሰው አገር ነገር ለኛ ምን ይበጀናል?» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ የገጸ ባሕርያቱን ስም ለውጦ፣ የአገር ልብስ አልብሶና አንድ ጎጆ አቁሞ «እነሆ፥ የራሳችን አደረግነው» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ነገር ግን የሁለተኛው ስሕተት የዕውቀት መልክ ስላለው ይብሳል።

ለመጀመሪያው መልሳችን አጭር ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ«ፋቡላ» ዘመናዊ ቴአትራችንን ሲጀምሩ ከባዕድ ተረት ለመቅሰም አላፈሩም። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም «ኦቴሎ»ን በአማርኛ ሲያናግሩ ቋንቋችን ከበረ እንጂ አልተዋረደም።

ክርክራችን ከሁለተኛው ጋር ነው። አሜሪካዊው ቶርንተን ዋይልደር የደረሰውንና እ.ኤ.አ. በ1938 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውን «አወር ታውን»፥ ማለት «ከተማችን» የተባለውን ድራማ እንመልከት። በሦስት ገቢር የአንዲትን ትንሽ ከተማ የዕለት ኑሮ፣ ጋብቻና ሞት ያሳያል። መድረኩ ከጥቂት ጠረጴዛ፣ ወንበርና መሰላል በቀር ባዶ ነው። አንድ ተራኪ ብቻ እየወጣ ከተማዪቱ የት እንደምትገኝ፣ ማን እንደ ተወለደባትና ማን እንደ ሞተባት ለተመልካቹ ይነግራል። ደራሲው ጌጡን የነፈገን ሰውን እንድናይ ነው።

አንድ የቴአትር ቡድን ይህን ድራማ ወደ አፋምቦ ለመውሰድ ቢነሣ ምን ያደርጋል? እንደ ተለመደው ተዋናዩን ጊሌ ያስታጥቃል፣ በሸራ ላይ ግመል ይሥላል፣ ጭፈራም ይጨምራል። ይህ የመንገደኛ ዓይን ነው፤ የአፋምቦ ሰው በዚያ ውስጥ ራሱን አያገኝም።

እውነተኛው መንገድ ከሕዝቡ ዘንድ አለ። ሁለት የአፋር ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ዝናም የት እንደ ጣለ፣ ግጦሽ የት እንዳለ፣ ማን እንደ ታመመ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ይነጋገራሉ። በዳጉ መዋሸት ታላቅ ነውር ነው። ለዋይልደር ተራኪ ከዚህ የተሻለ መምህር ከወዴት ይገኛል? ተራኪው በአፋርኛ ተናግሮ አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በአፋምቦ ሐይቅ አልፎ በአቤ ሐይቅ እንደሚያበቃ ቢያስረዳ ሸራ አያሻውም።

ከባዱ ጥያቄ ግን ከዚህ በኋላ ይመጣል። በድርሰቱ ሁለት የጎረቤት ልጆች ራሳቸው ተዋድደው ይጋባሉ። በአፋር ግን ወንድ የአባቱን እኅት ልጅ ለማግባት ቅድሚያ የሚያገኝበት የአብሱማ ልማድ አለ። ይህን ዘልሎ ሠርግ የሚያሳይ ዋሽቷል፤ ለመሳለቂያ የሚያቀርበውም ሰድቧል። በመጨረሻም ሙሽራዪቱ ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ትሞታለች። ሐኪም ቤት የራቃት የቆላ እናት ባለችበት አገር ይህ የሰው አገር ታሪክ ነውን?

«የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ይባላል። እንግዲህ ቡድኑ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ከሽማግሌዎችና ከእናቶች ጋር ይቀመጥ። ቃሉ በአፋርኛ ይጻፍ፤ የአገሩ ልጆች ይጫወቱት። የመጀመሪያው ዳኛም የአዲስ አበባ ጭብጨባ ሳይሆን የአፋምቦ ተመልካች ይሁን። አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ «ነገሩ እንዲህ አይደለም» ያለ እንደ ሆነ፣ የሚታረመው ሽማግሌው ሳይሆን ድርሰቱ ነው።