ሐዲዱን የሚያጸናው ሠራተኛው ነው

ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ማንኛውም ግንባታ ሁለት ባለቤቶች አሉት። አንደኛው በላቡ የሚገነባው ወዝ አደር ሲሆን፣ ሁለተኛው ውጤቱን በጉጉት የሚጠብቀው ነዋሪ ነው። የመክፈቻው ቀን በዘገየ ቁጥር ግን ሁለቱን እንደ ባላንጣ የሚያቆም የተሳሳተ አመለካከት ብቅ ይላል። «ሕዝቡ ተጉላልቷልና ሠራተኛው ይፍጠን» የሚለው አባባል የዚሁ አመለካከት መገለጫ ነው።

በዚህ ረገድ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ታሪክ በቂ ትምህርት ይሰጣል። እንደሚታወቀው ሁሉ፣ በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው ግንባታ በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ሁለት መስመሮችን ያቀፈ ነበር። ለባቡሩ ዋሻ ሥራ ሲባል የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ከቦታው መነሣቱን፣ የተመለሰውም በ2008 ዓ.ም. መሆኑን በዚያ የሚመላለሰው የጉለሌ ነዋሪ አይዘነጋውም። የሙከራ ጉዞው ጥር 24 ቀን 2007 ዓ.ም. ቢጀመርም፣ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ የተዘረጋው መስመር ለሕዝብ ክፍት የሆነው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ያለው መስመርም በዚያው ዓመት ጥቅምት 29 ቀን ተከተለ።

ከሽሮ ሜዳና ከአዲሱ ገበያ ወርዶ ሥራ ቦታው ለመድረስ በየማለዳው የታክሲ ሰልፍ ለሚይዘው ነዋሪ እነዚያ ከሰባት ወር በላይ የሆኑ ጊዜያት ረጅም ነበሩ። ቅሬታውም ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ መዘግየት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ፍሬን ለመፈተሽ፣ የኤሌክትሪክ ኃይሉን አስተማማኝ ለማድረግ፣ አሽከርካሪውንና የጥገና ባለሙያውን ለማሠልጠን የዋለ ቀን አልባከነም። በአንጻሩ በዕቅድ ጉድለትና በተጠያቂነት እጦት የጠፋ ቀን ከሕዝብ የተሰረቀ ቀን ነው። መዘግየቱ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የማወቅ መብት የሕዝቡ ነው።

የባከነውን ጊዜ በሠራተኛው ጉልበት ለማካካስ መሞከር ግን ጥፋትን በጥፋት መደረብ ነው። በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳያልፍ ገደብ ጥሏል። አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብም ግዴታ ጥሎበታል። ሪባን የሚቆረጥበት ቀን መቃረቡ ከእነዚህ አንዱንም አይሽርም። በእንቅልፍ እጦት የተዳከመ እጅ ያጠበቀው ብሎን ነገ የሚሸከመው የዚያኑ ሠራተኛ ልጆችና ጎረቤቶች ነው።

ከምረቃው በኋላ የታየውም ይህንኑ ያረጋግጣል። አገልግሎቱ በ41 ባቡሮች የተጀመረ ቢሆንም፣ በቀጣዮቹ ዓመታት ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ከሥራ ውጭ ሆነዋል። መስመርን የሚከፍተው መቀስ ነው፤ በሥራ ላይ የሚያቆየው ግን የሠለጠነ ባለሙያና በወቅቱ የሚቀርብ መለዋወጫ ነው።

ስለሆነም ወደፊት በከተማችን አዲስ መስመር በተዘረጋ ቁጥር የነዋሪዎች ማኅበራት «መቼ ይከፈታል?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ሠራተኛው በምን ሁኔታ ይሠራል? ጥገናውን ማን ተረክቧል?» ብለው መጠየቅ ይገባቸዋል። የሠራተኛ ማኅበራትም የአባሎቻቸውን ደኅንነት የሕዝቡም ደኅንነት አድርገው ማስረዳት አለባቸው። የሥራ መሪዎች በበኩላቸው የመዘግየቱን ምክንያት ሳይሸፋፍኑ ለሕዝብ ሊገልጹ ይገባል። ሠሪውና ተሳፋሪው በአንድነት ሲቆሙ ሐዲዱም ይጸናል!