ፕራዶዋ ስንት ኩንታል ትችላለች?

የገና ጉዞ ሲቃረብ የናይሮቢ ጋራዦች በእኛ ሰው ይሞላሉ። አንዱ የፊት ብረት ያስበይዳል፣ ሌላው ፖርቶመጋላ ያሠራል፣ ሦስተኛው የጣሪያ ድንኳን ያስገጥማል። ሁሉም ልጆቹን ይዞ በሞያሌ በኩል አገር ቤት ሊገባ፣ ማርሳቢት ላይም አንድ ሌሊት ሊያድር ነው። ደስ ይላል፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ግን «ይኼ ሁሉ ሲደመር ስንት ኪሎ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም። በርበሬ ስንገዛ ሚዛኑ ግማሽ ኪሎ ዋሸ ብለን የምንጣላ ሰዎች፣ የራሳችንን መኪና ሳንመዝን ቤተሰብ እንጭንባታለን።

አንዱ ምክንያት የሚያስቆመን አለመኖሩ ይመስለኛል። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ የጭነት ሕግ የሚመለከተው 3,500 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆኑትን ተሽከርካሪዎች ነው። ስለዚህ ምሎሎንጎ ላይ ከባዱ መኪና ሚዛን ላይ ሲወጣ እኛ በጎን እናልፋለን። አለመመዘናችንን እንደ ፈቃድ ቆጠርነው።

እኔ የነቃሁት ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከሞያሌ ስንመለስ ነው። በቱርቢና በማርሳቢት መካከል፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የኋላ ግራ ጎማ ፈነዳ። ባለቤቴ መሪውን አጥብቆ ይዞ ስለነበር አልተገለበጥንም፤ ከአስፋልቱ ወጥተን አሸዋው ላይ ቆምን። አማቴ ያን ቀን የተሳለችውን ስለት እስከ ዛሬ ትከፍላለች። ጎማው አዲስ ነበር፤ ስለዚህ ጥፋቱን በሻጩ ላይ ልናደርግ ተዘጋጅተን ናይሮቢ ገባን። በማግስቱ ዕቃውን ሳናወርድ፣ ውሃውንና ናፍጣውን እንደ መንገዱ ሞልተን፣ ሁላችንም ተሳፍረን ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ወዳለ አንድ የግል ባስኩላ ሄድን። ልጆቹ አፍረው አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ባስኩላው 3,240 ኪሎ አለ። በሩ ምሰሶ ላይ የተለጠፈው የፋብሪካው ወረቀት ደግሞ ሰውና ነዳጅ ጨምሮ ከ2,990 አትለፉ ይላል። ሁለት ኩንታል ተኩል ትርፍ ጭነን ነበር።

ያን ማታ እንደ ሱቅ ሒሳብ ቁጭ ብዬ ደመርኩት። መኪናዋ ባዶዋን፣ ታንኩ ሞልቶ፣ 2,330 ገደማ ናት። ስለዚህ በእጃችን ያለው 660 ኪሎ ብቻ ነው። የፊት ብረት 65፣ ዊንቹ 40፣ ፖርቶመጋላው 50፣ ድንኳኑ 60፣ ከኋላ ያሠራነው የእንጨትና የብረት መሳቢያ 70፣ ሁለተኛው ባትሪ 25። ይኼ 310 ነው፤ ከግማሽ ትንሽ ቢያንስ ነው። ሁለቱ ልጆቼ ቁመታቸው እኔን አልፏል፤ አምስት ሰው ስንሆን 340 እንመዝናለን። የቀረችው 10 ኪሎ ናት! ሻንጣ ገና አልተጫነም፤ 40 ሊትር ውሃ፣ ሁለት ጀሪካን ናፍጣ፣ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቡናው ሁሉ ገና ናቸው። ገንዘባችንን ለሱቁ ማስዋቢያ ጨርሰን ዕቃ የምናመጣው በዱቤ ነበር ማለት ነው።

ጋራዡ «ሞላውን አጠንክረን ሠርተንልሻል፣ አሁን ቶን ትሸከማለች» ብሎኝ ነበር። ብዙዎቻችሁም ይኼን ሰምታችኋል። ጠንካራ ሞላ የመኪናዋን ጀርባ ቀና ያደርጋል፤ ፍሬኑን ግን አያሳድግም፣ አክስሉንም ሻንሲውንም አያወፍርም። ከዚህ በፊት ዝቅ በማለቷ እናውቅባት የነበረውን ጭነት ደብቆ ቀጥ ብላ እንድትሄድ ማድረግ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ክብደቷ ከፍ እንዲል የሚፈልግ ሰው በመሐንዲስ ተረጋግጦ በሰነድ ይጸድቅለታል፤ እኛ ጋ የበያጁ ቃል ይበቃናል።

ጎማውም እንዲሁ ነው። በጎኑ ላይ 112 የሚል ቁጥር ካለ አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይችላል ማለት ነው፤ ግን ነፋሱ ልክ ሲሆን ብቻ። እኛ ለምቾት ብለን አቀንሰን ነበር። ከፍተኛ ጭነት፣ ትንሽ ነፋስ፣ የቀትር አስፋልት፤ ሻጩን ሳልከሰው ቀረሁ።

የዕቃው አቀማመጥም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ፕራዶ ላይ ከኋላ አክስል አንድ ሜትር ያህል ወደ ኋላ የተንጠለጠለ አንድ ኩንታል፣ ስኮርታ ጎማና ጀሪካን ሊሆን ይችላል፣ በአክስሉ ላይ 136 ኪሎ ሆኖ ያርፋል፤ 36ቱን የሚያመጣው ከፊት ጎማዎች ላይ አንሥቶ ነው። መሪው ቀለለኝ የምትሉት በዚህ ነው። ጣሪያው ደግሞ ከሁሉ ያነሰ ድርሻ አለው፤ የዚህ ዓይነት ፕራዶ ፖርቶመጋላውን ጨምሮ 80 ኪሎ አካባቢ ነው የሚፈቀድለት። የእኔ ገና ብርድ ልብስ ሳይጫን 110 ነበር።

ከጃፓን በሞምባሳ የሚገቡትን የምትነግዱ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከመኪናዋ ጋር የሚመጣው የኤክስፖርት ሰርተፊኬት ላይ ሁለት ክብደት ተጽፏል። ጃፓኖች ለተሳፋሪ መኪና ትልቁን ቁጥር የሚያወጡት በአንድ ሰው 55 ኪሎ ብቻ ደምረው ነው። 2,250 ኪሎ የምትመዝን የሰባት ሰው መኪና 2,635 ትባላለች። እዚያ ውስጥ ሻንጣ የለም፣ ድንኳንም የለም። ለደንበኛ «ይኼን ያህል ትጭናለች» ከማለታችን በፊት ወረቀቱን እናንብብ።

«የሜሩ ጫት ጫኞች ሃይለክሱን እስከ ጣሪያ ሞልተው እየበረሩ ይገቡ የለ?» የሚል አይጠፋም። ይገባሉ። እነሱ ግን ባሌስትራና ጎማ በየጊዜው መቀየርን የሥራ ወጪ አድርገው ይዘውታል፤ የሚያደርሱትን አደጋም ናይሮቢ ያውቀዋል። አማቴን በዚያ ሒሳብ አላሳፍራትም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ይኼን ሁሉ ብረት የምንሸከመው ለሌለ መንገድ መሆኑ ነው። ድሮ ከኢሲዮሎ ወዲያ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠጠርና አቧራ ነበር፤ ያኔ ዊንችም ሁለት ስኮርታም ልክ ነበር። ዛሬ እስከ ሞያሌ አስፋልት ነው፤ በድንበሩም በ2020 የተመረቀው የጋራ ጣቢያ አለ። ናፍጣ ኢሲዮሎም ማርሳቢትም ይሸጣል። ቻልቢ በረሃን አቋርጦ ቱርካና ሐይቅ ለሚወርድ አስጎብኚ ሌላ ነው፤ እሱ ሰውና ዕቃ ቀንሶ ብረቱን ይያዝ። የፊት ብረቱን ለግመል ነው የሚሉኝ አሉ፤ እውነት ነው፣ ግመል ያቋርጣል። እኔ በሌሊት አለመንዳትን መርጫለሁ፤ ክብደት የለውም።

በያጆቹን እየወቀስኩ አይደለም። እዚሁ ናይሮቢ ላንድ ክሩዘር ቆርጠው አስረዝመው የሳፋሪ መኪና የሚያደርጉ ባለሙያዎች አሉ። ክብደት ስላልጠየቅናቸው አልነገሩንም። አሁን እኔ ማንኛውም ዕቃ ከመገጠሙ በፊት እንዲመዘንና ኪሎው ደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ ባለፈው ግን አንዱ ሳልጠይቀው ጽፎ ሰጠኝ። በመኪናው ላይ የጨመራችሁትን ለመድን ድርጅታችሁ ማሳወቃችሁንም ውሉን አንብባችሁ አረጋግጡ።

ዊንቹን ሸጥኩት፤ መሳቢያው ወጥቶ በፕላስቲክ ሣጥን ተተካ፤ በርበሬው በጭነት መኪና ይመጣል። ድንኳኑ ግቢያችን ውስጥ ተተክሏል፣ ቅዳሜ ማታ ልጆቹ ይተኙበታል።