የፍጥነት ወሰን፦ በምልክት ወይስ በመንገድ?

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና መሸንቲን አቋርጦ ያልፋል። እንዲህ ባሉ ከተሞች እግረኛው፣ ባጃጁና ጋሪው ከከባድ ተሽከርካሪ ጋር አንድ አስፋልት ይጋራሉ። ደንብ ቁጥር 208/2003 በከተማ ክልል ለአነስተኛ ተሽከርካሪ በሰዓት 60፣ ለከባድ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ወስኖ ነበር። በ60 የሚጓዝ አሽከርካሪ ፍሬን ለመያዝ አንድ ሰከንድ ቢዘገይ 17 ሜትር ገደማ ያልፋል፤ በ30 ግን ስምንት ሜትር ያህል። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲያድግ የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለሆነም እግረኛ በሚበዛበት ስፍራ ለሁሉም 30 ሊሆን ይገባል፤ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የስቶክሆልም መግለጫም ይህንኑ ይጠይቃል።

«ጉዞ ያጓትታል» የሚለው ተቃውሞ ሚዛን አይደፋም፤ በሁለት ኪሎ ሜትር ላይ የሚታጣው ሁለት ደቂቃ ነው። ይሁንና ሰፊና ቀጥ ያለ መንገድ ራሱ ፍጥነትን ስለሚጋብዝ ምልክት ብቻውን አይበቃም። አውራ ጎዳናው የፌዴራል በመሆኑ የአካባቢ ሹማምንት ከቁጥሩ ይልቅ የፍጥነት መቀነሻ፣ ከፍ ያለ የእግረኛ ማቋረጫና የእግረኛ መንገድ እንዲሠራ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደርን በጋራ ሊጠይቁ ይገባል።